የክሩዘር ጀርባ ለምን ይመታል? ስለ ሞላ፣ ስለ አሞርዛተርና ስለ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር

ክሩዘር ሲባል ቶዮታዋ ትዝ ያለችው ሰው ካለ ይቅርታ። የማወራው ስለ ሞተር ሳይክል ነው። ያቺ ዝቅ ብላ የረዘመች፣ መሪዋ ሰፊ፣ እግር ወደፊት ዘርግተው የሚቀመጡባት ዓይነት። ከዚህ በኋላ ሞተር ስል ሳይክሏን ነው። ሆዷ ውስጥ ያለውን ኢንጂን እለዋለሁ፣ እንዳንደናገር።

የኔዋ በፈረንጆቹ የ2007 ሆንዳ ሻዶው ኤሮ ናት። 745 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ኃይሉን ለኋላ ጎማ የምታደርሰው በካቴና ሳይሆን በሻፍት፣ ማለትም በሚሽከረከር የብረት ዘንግ። አሜሪካ ውስጥ ይቺ መካከለኛ ትባላለች፤ ትልልቆቹ ከ1800 ሲሲም ያልፋሉ። በነገራችን ላይ ሻዶው የሚለው ስም የወጣው በፈረንጆቹ 1983 ነው። በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት የአገሩን ሞተር ሠሪ ሃርሊ ዴቪድሰንን ከጃፓኖች ለማዳን ብሎ ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ የውጭ ሞተሮች ላይ ቀረጡን ከ4.4 በመቶ ወደ 49.4 በመቶ አወጣው። ሆንዳ ምን አደረገ? 750ዋን ትንሽ አሳንሶ ከ700 በታች አወረዳትና መሸጡን ቀጠለ። ቀረጡ ሲነሳ ሲሲዋም እንደገና ከፍ አለ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰባት ዓመት ነድቻታለሁ። ኢንጂኗ አላስቸገረኝም ማለት ይቻላል። ያስቸገረኝ ወገቤ ነው። ክረምቱ አልፎ አስፋልቱ ጉድጓድ በጉድጓድ ሲሆን፣ ወይም ኮንክሪት መንገድ ላይ በየመጋጠሚያው ጧ ጧ ሲል፣ እያንዳንዷ ምት ከኮርቻው ተነስታ አንገቴ ድረስ ትመጣለች። ባለቤቴን ከኋላ ጭኜ ስሄድ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ቀን ከወረድን በኋላ "እኔ ኮርቻ ላይ አልነበረም የተቀመጥኩት፣ ጉድጓዱ ላይ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ልክ ከኋላ ጎማው መሀል በላይ ነው ያለው፤ ጎማው የቀመሰውን ሁሉ እሱም ይቀምሳል።

አንድ ጋራዥ ወስጄ ስጠይቅ "ክሩዘር እንዲህ ነው፣ ትለምደዋለህ" አሉኝ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማወቅ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ለእናንተ ግን አሥር ደቂቃ ይበቃል።

እውነት ከሆነው ግማሽ እንጀምር። የኤሮ ኮርቻ ከመሬት 66 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አጭር ሰው እንኳ ሁለት እግሩን ሙሉ ለሙሉ መሬት ያስነካል፤ ብዙዎቻችን የገዛናትም ለዚህ ነው። ግን ኮርቻው ዝቅ ሲል ከሥሩ ያለው ጎማ ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ አብሮ ያንሳል። የኋላ ጎማዋ ከታች እስከ ላይ የምትሄደው 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የፊቷ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ለጠጠር መንገድ ከተሠሩት ረጃጅም ሞተሮች ብዙዎቹ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ አላቸው። ከፒክአፕ ጭነት ላይ ዘላችሁ ስትወርዱ ጉልበታችሁን በደንብ ካጠፋችሁ ምንም አይሰማችሁም፤ ጥቂት ብቻ ካጠፋችሁት ጥርሳችሁ ይጋጫል። የዘለላችሁበት ከፍታ ያው ነው፣ የተለየው ያጠፋችሁት መጠን ነው። ክሩዘር ጉልበቷን ትንሽ ብቻ የምታጥፍ ሞተር ናት።

በዚያ ላይ እግራችሁ ወደፊት ነው። ሌላ ሞተር ላይ ጉድጓድ ስታዩ እግራችሁ ላይ ቆም ብላችሁ ታሳልፉታላችሁ። ክሩዘር ላይ ይህ የለም። ጠቅላላ ክብደታችሁ መቀመጫችሁ ላይ ነው፣ ምቱም ቀጥታ አከርካሪ ላይ ነው።

እስከዚህ "ትለምደዋለህ" የሚለው ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ያቺ 9 ሴንቲ ሜትር በትክክል እየሠራች እንደሆነ ማሰቡ ነው። አብዛኛው ሞተር ላይ እየሠራች አይደለም። የኔዋ ላይ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር የቀረው።

ሁለት ነገር እንለይ። ሞላና አሞርዛተር። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ምክንያቱም ከኋላ በኩል አንድ ላይ ተጠቅልለው ነው የሚታዩት። ሞላው ክብደት ይሸከማል። ሌላ ሥራ የለውም። አሞርዛተሩ ደግሞ ክብደት አይሸከምም፤ ሞላው ተጨምቆ ሲመለስ እንደ ሕፃን አልጋ ላይ እንዳይዘል ይይዘዋል። ውስጡ ዘይት አለ፣ ዘይቱ በትንንሽ ቀዳዳ እየተገፋ ያልፋል፣ ያ መታገል ነው ዝላዩን የሚያበርደው። ስለዚህ ሞተሯ ጉድጓድ አልፋ ሦስት አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ ካለች ያረጀው አሞርዛተሩ ነው። ገና ስትቀመጡባት ቁጭ ካለችና ጉድጓድ ላይ ብረት ከብረት ሲጋጭ ከተሰማችሁ ግን ችግሩ ሞላው ነው። የተለያየ በሽታ፣ የተለያየ መድኃኒት። አሞርዛተር አረጀ ብሎ 400 ዶላር አውጥቶ፣ ሞላው ለክብደቱ የማይሆን ዕቃ ገዝቶ የተናደደ ሰው አውቃለሁ። መስታወት ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። የኋላ አሞርዛተሮቹ ሥር የምትዞር ቀለበት አለች፣ ኤሮ ላይ አምስት ደረጃ አላት። ፕሪሎድ ይሏታል። ሰዉ "አንድ ላይ ለስላሳ፣ አምስት ላይ ጠንካራ" ብሎ ያምናል። እኔም አምን ነበር። አይደለም። ቀለበቷ ሞላውን አታጠነክርም፣ ከወዲሁ ትጨምቀዋለች እንጂ።

በቁጥር እንየው። 10 ኪሎ ሲጫንበት 1 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ሞላ አለን እንበል። ምንም ሳትጨምቁት 40 ኪሎ ብትጭኑበት 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። አሁን ቀለበቷን አዙራችሁ ቀድማችሁ 2 ሴንቲ ሜትር ጨመቃችሁት። የመጀመሪያው 20 ኪሎ ምንም አያንቀሳቅሰውም፣ ምክንያቱም ሞላው ቀድሞውኑ በዚያ ጉልበት እየገፋ ነው። የቀረው 20 ኪሎ 2 ሴንቲ ሜትር ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ 10 ኪሎ ያው 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ሞላው አልተለወጠም። የተለወጠው ሞተሯ የምትቆምበት ከፍታ ነው። ቀለበቷ የከፍታ ማስተካከያ ናት በሉና ያዙት፤ ብዙ ነገር ይቀላችኋል።

ታዲያ ትክክለኛው ከፍታ ስንት ነው? እዚህ ጋ ሳግ የሚባለው ነገር ይመጣል። ስትቀመጡባት ሞተሯ ስንት እንደምትወርድ ማለት ነው። ከጠቅላላው እንቅስቃሴ ከሩብ እስከ አንድ ሦስተኛ መሆን አለበት። ለኤሮ ከኋላ ከ22 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለምን ዜሮ አይሆንም? ጎማው ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መሄድ ስላለበት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወርዶ መሬቱን ካልተከተለ ሞተሯ በሙሉ አብራ ትወድቃለች።

መለካቱ ሜትርና ሁለት ጓደኛ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ቡና ጋብዟቸው። መጀመሪያ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሱትና ከጎማው መሀል ቡሎን ቀጥታ ወደ ላይ እስከ አንድ ምልክት፣ ለምሳሌ መከላከያው ላይ ቴፕ ለጥፋችሁ፣ ለኩ። ቀጥሎ ሞተሯን አውርዳችሁ ብቻዋን ስትቆም ለኩ። ከዚያ ሄልሜትና ጃኬት ለብሳችሁ፣ እግራችሁን ማሳረፊያው ላይ አድርጋችሁ፣ አንዱ ጓደኛ ደግፎ ሌላው ይለካ። ከመጀመሪያው ልኬት ላይ ሁለተኛውን ስትቀንሱ ሞተሯ ብቻዋን የምትወርደው፣ ሦስተኛውን ስትቀንሱ ደግሞ እናንተ ስትቀመጡ የምትወርደው ይወጣል። ከመለካቱ በፊት ሁሌም ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርጓት፣ አለዚያ ውስጥ ያለው ሰበቃ ያሳስታችኋል።

የኔ ውጤት ይኸው። እኔ ከነልብሴ 96 ኪሎ ነኝ። ቀለበቷ ሁለት ላይ ሆና 41 ሚሊ ሜትር ወረደች። ከ90 ውስጥ 41! ጉድጓድ ሳላይ ግማሽ ያህሉን በልቼዋለሁ ማለት ነው። ባለቤቴ ስትጨመር የሚቀረው እንግዲህ አስቡት። ጉድጓድ ላይ የሚመታኝ የሞላው ጥንካሬ አልነበረም፤ ሞላው አልቆ ታች ያለው ላስቲክ ነበር። "ጠነከረብኝ" እያልኩ ስጮህ የኖርኩት በጣም ለስላሳ በሆነ ሞላ ነው።

ቀለበቷን አምስት ላይ ሳደርሳት 33 ሆነ። ተሻለ። ግን ብቻዋን ስትቆም የምትወርደው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። ይህቺ ቁጥር ናት ሚስጥሩ። እናንተ ስትቀመጡ ገና ከልክ በላይ እየወረደች፣ ብቻዋን ስትቆም ግን እምብዛም የማትወርድ ከሆነ፣ ሞላው ለእናንተ ክብደት ልስልስ ብሏል፤ ቀለበቷ አትደርስበትም። በተቃራኒው ብቻዋን ብዙ ወርዳ እናንተ ስትቀመጡ ብዙም ካልጨመረች ሞላው ከእናንተ በላይ ነው። ሁለቱን ቁጥር አብራችሁ ካላያችሁ ሻጭ የፈለገውን ይነግራችኋል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ነፃ ወይም ርካሽ የሆኑትን ጨርሱ። ጎማችሁ ነፋሱ ልክ ነው? ሲበዛ ሞተሯ እንደ ድንጋይ ትሆናለች፤ ሲያንስ ደግሞ ቸርኬው ይጎዳል፣ ኤሮ ደግሞ ባለ ራጂና ባለ ካላማዳሪያ ስለሆነች ካላማዳሪያው ይቆነጠጣል። ጎማው ስንት ዓመቱ ነው? ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ተጽፏል፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ቢኖረውም ይደርቃል፣ ምቱንም ሳያለዝብ ያሳልፋል። የኮርቻው ስፖንጅስ? እላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ከተሰማችሁ፣ አሞርዛተሩን አትክሰሱት።

የፊቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ እኔ በበኩሌ ከኋላው የበለጠ የገረመኝ እሱ ነው። ፎርክ የምንላቸው ሁለቱ የፊት ቱቦዎች ውስጥ ረጅም ሞላና ዘይት አለ። ኤሮም ሆነች አብዛኞቹ በዚህ ዋጋ ያሉ ክሩዘሮች ውስጣቸው ቀላል ነው፤ ቀዳዳ ያለው ዘንግ አለ፣ ዘይቱ በዚያች ቀዳዳ ያልፋል፣ በቃ። ችግሩ ቀዳዳዋ አትሰፋም አትጠብም። ዘይት በተወሰነ ቀዳዳ ሲገፋ ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ የሚገጥመው ትግል ወደ አራት እጥፍ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬን ስትይዙ ፎርኩ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ዘይቱ ሳይታገል ያልፍና አፍንጫዋ ድፍት ትላለች። የጉድጓድ ጠርዝ ስትመቱ ደግሞ በቅጽበት ስለሆነ ዘይቱ ማለፊያ ያጣል፤ ፎርኩ ለአፍታ እንደ ብረት ዘንግ ይሆንና ምቱ እጃችሁ ላይ ይመጣል። አንድ ዕቃ፣ በአንድ ጊዜ በጣም ለስላሳም በጣም ጠንካራም። ወፍራም ዘይት ብትጨምሩ ድፍቱ ይቀንሳል፣ ምቱ ግን ይብሳል። ቀጭን ብታደርጉ ተቃራኒው።

ለዚህ የተፈለሰፈ ትንሽ ዕቃ አለ። ሬስ ቴክ የሚባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ጎልድ ቫልቭ ኢሙሌተር ይለዋል። ዘንጉ አናት ላይ የሚቀመጥ፣ በራሱ ትንሽ ሞላ የተያዘ ክዳን ነው። ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ላይ ዝግ ሆኖ ይታገላል፤ ድንገተኛ ምት ሲመጣ ክዳኑ ብድግ ብሎ ዘይቱን ያሳልፋል። ሐሳቡ ያስደስታል። ግን እንዲሠራ የድሮው ዘንግ ቀዳዳዎች በድሪል መስፋት አለባቸው፣ አለዚያ ማነቆው እዚያው ይቀራል። አንዴ በድሪል ከሰፋ መመለስ የለም፤ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ሌላ ዘንግ መግዛት ነው።

ለብዙ ሰው ግን እስከዚያ መሄድ አያስፈልግም። ያረጀውን ዘይት መቀየርና ለክብደታችሁ የሚሆን የፊት ሞላ ማስገባት ብቻ ትልቁን ሥራ ይሠራል። የኔዋን ዘይት ስቀይር የወጣው ግራጫ ጭቃ ነበር፣ የዓሳ ሽታ ነበረው። ከፋብሪካ ከወጣች የተቀየረ አይመስለኝም። የኢንጂን ዘይት በየጊዜው የሚቀይር ሰው የፎርክ ዘይት መኖሩን እንኳ አያውቅም። የሞላ ጥንድ እኔ ስገዛ መቶ ዶላር ገደማ ነበር፣ ሥራው አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የፎርኩ አናት ላይ ያለው ክዳን ከሥሩ የተጨመቀ ሞላ አለ። ፊቷን ሳታነሱና ሳትደግፉ ከፈታችሁት ክዳኑ ይተኮሳል። ፊታችሁን ከላዩ አርቁ፣ አንዱን የፎርክ ቱቦ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ።

ገበያ ላይ ስትወጡ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ፕሮግረሲቭ ሰስፔንሽን የሚባል ኩባንያ አለ፣ ፕሮግረሲቭ የሚባል የሞላ ዓይነትም አለ። ሁለተኛው በአንዱ ጫፍ ጥቅልሉ የተጠጋጋ፣ በሌላው የተራራቀ ሞላ ነው። መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ የተጠጋጋው ጥቅልል ሲጋጠም ይጠነክራል። ሌላው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የተጠቀለለ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር አያልቅም። የኔ አስተያየት ይኸው፤ ክብደታችሁ የማይለዋወጥ፣ ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ እኩሉን ውሰዱ፣ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። አንዳንዴ ብቻ፣ አንዳንዴ በሁለት ከሆነ ፕሮግረሲቩ ያስማማል።

የኋላ አሞርዛተር ስትገዙ ክብደታችሁን ይጠይቃሉ። እውነቱን ተናገሩ። እኔ "ከባዱ ይበረታል" ብዬ ሁለት ሰውና ሻንጣ ለሚጭን የተሠራውን አዘዝኩ። ሳስገጥመው ብቻዬን 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ወረደች። ከበፊቱ ብሳ ቁጭ! አንድ ወር ታግዬ ሞላውን ብቻ አስቀይሬ አሁን 28 ላይ ናት፣ ብቻዋን ስትቆም 8። ኦህሊንስን የመሰለ የስዊድን ዕቃ ቢያምራችሁ አልከለክልም፣ ግን ሞላው ልክ ያልሆነ ውድ ዕቃ ሞላው ልክ ከሆነ መካከለኛ ዕቃ ይከፋል።

ቁመቱን ደግሞ አትንኩት። ዝቅ እንድትል አጭር አሞርዛተር የሚያስገቡ አሉ፤ ከ9 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ሲቀንሱ ጎማው መከላከያውን ይመታል፣ ማጠፊያ ላይም እግር ማሳረፊያው ቶሎ አስፋልት ይቧጥጣል። ረጅም ያስገባ ሰው ደግሞ ጎን መቆሚያዋ አጥሮባት ሞተሯ በጣም ታጋድላለች፤ መሪዋም ይፈጥናል፣ ሻፍቱም ያልለመደው ማዕዘን ላይ ይሠራል።

ሻፍቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ሻዶው ይዛችሁ ረጅም ጊዜ መቆየት ከፈለጋችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። የኋላ ጎማው በወጣ ቁጥር ሻፍቱና ጎማው የሚነካከሱባቸውን ጥርሶች አይታችሁ የሞሊብዲነም ግራሶ ቀቡ። ጎማ ቀያሪው ይቀባዋል ብላችሁ አትተዉት። ደርቆ የሠራ ጥርስ ሳይጮህ ይበላና አንድ ቀን ኢንጂኑ እየሠራ ሞተሯ አትሄድም። የመሪውና የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ኩሽኔታዎችም እንዲሁ፤ እነሱ ላልተው ሞተሯ ስትወዛወዝ ስንቱ አዲስ አሞርዛተር ገዝቷል። የፎርኩ ጎሚኒ ዘይት ካፈሰሰ ችላ አትበሉት፣ ዘይቱ ወርዶ የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ቫልቭ፣ የፍሬን ዘይት፣ ራዲያተር፣ እነዚህን መጽሐፉ ላይ አንብቡ፤ ሆንዳ በደንብ ጽፎታል።

መጨረሻ ላይ 2 ሳንቲም የማታወጣ መለኪያ ልስጣችሁ። ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ የሚያብረቀርቀው የፎርክ ቱቦ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ወደ ጎሚኒው ግፉት። ነድታችሁ ስትመለሱ ማሰሪያዋ ፎርኩ እስከ የት እንደወረደ ታሳያችኋለች። መጀመሪያ ሰሞን ሠፈር ውስጥ ዞሬ ስመለስ ጫፍ ላይ ተጣብቃ ነበር የማገኛት። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴን ይዤ ስካይላይን ድራይቭን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ 105 ማይል፣ ነዳን። ፍጥነቱ 35 ማይል ላይ የተገደበ ስለሆነ ለወገብም ለዓይንም የሚመች መንገድ ነው። ቤት ስንደርስ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ማሰሪያዋ ጫፍ ልትደርስ ሁለት ጣት ቀርቷት ቆማለች። ባለቤቴ ሄልሜቷን እያወለቀች "ምን ጠፋብህ እዚያ?" አለችኝ።